በጭምብል ውስጥ ያላወቅኋት

እህቴ ቨርና፤

ሚስቴ ከአልጋዬ ለምን እንደ ወጣች ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እያወቅሽ አልነገርሽኝም። የበደልሽኝ በደል ይህ ነው። ይህን ሳልጽፍ በሰላምታ ብጀምር ሰላምታዬ ውሸት ይሆንብኛል ብዬ አስቀደምሁት።

አሁን እንደ ወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ዶክተሩ የሰጠሽ መርፌ ረዳሽ ወይስ አሁንም ደረጃ ስትወጪ ግድግዳ ትደገፊያለሽ? ባልሽን ሴልቢንስ ሳሉ ተወው? በዚያ ባሕር በሌለበት አገር ነፋሱ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ አላውቅም፤ ብርዱ ግን ከእኛው ይብሳል ሲሉ እሰማለሁና ተሸፋፈኑ። እኔ በኅዳር ሰባ አራት ዓመቴን ደፈንሁ። ከሁለቱ በቀር ጥርሴ አለ፤ ዓይኔም መረብ ለመጠገን ይበቃኛል። ድሩሲላ ደኅና ናት። እንዲያውም ከደኅናም በላይ ናት፤ የምጽፍልሽም በዚሁ ጉዳይ ነው።

ከጥቅምት ወዲህ ስትደውዪ ስልኩን ለምን እንደማላነሣ በገና ካርድሽ ላይ ጠይቀሽኛል። በስልክ ልመልስልሽ አልፈለግሁም። ሦስተኛ ክፍል ላይ ከትምህርት ቤት ወጥቼ የቀረውን ከአሮጌ ጋዜጣና መንደር ለመንደር መጽሐፍ ከሚያዞረው መኪና ራሴን ያስተማርሁ ሰው እንደሆንሁ ታውቂያለሽ። የተናገርሁትን መልሼ መስማት አልችልም፤ የጻፍሁትን ግን ደግሜ አነብበዋለሁ፤ ስሕተት ከሆነም እሰርዘዋለሁ። እስከ አሁን የሰረዝሁት የለም።

ድሩሲላ ትሠራበት የነበረው የዓሣ ፋብሪካ በተዘጋ በአራተኛው ዓመት፣ መከር ላይ፣ ትራሷን ይዛ ከቤት ወደ ወጣው ልጃችን ወደ ክላይድ ክፍል ገባች። ታንኮራፋለህ አለችኝ። ሠላሳ ሦስት ዓመት እያንኮራፋሁ አጠገቤ ተኝታ ያን ዕለት እንዴት እንደ ሰማችው አልጠየቅኋትም። እኔ የምጠይቅ ሰው አይደለሁም። የክላይድ አልጋ ወለሉ ላይ የተጣለ ፍራሽ ብቻ ስለነበረ የጥድ ሳንቃ አውጥቼ አዲስ አልጋ ሠራሁላት። ስፋቱን በትከሻዋ ልክ ለካሁት። ሆን ብዬ ነው ያደረግሁት፤ ከእሷ ሌላ ማንም ጎኗ እንዳይተኛበት። አስገብቼ ሳቆመው፣ «ብቻሽን መተኛት ከፈለግሽ ይኸውልሽ» አልኋት። ጠርዙን በእጇ ዳሰስ አድርጋ፣ «እንጨቱን ጥሩ አድርገህ ልገኸዋል» አለችኝ። 

በዚያው ሳምንት አንቺ፣ ያኔ ገና እዚሁ መንደር ነበርሽና፣ ሻይ ልትጠጪ መጣሽ። አልጋውን በበሩ አሻግረሽ አየሽና፣ «ወይ ሄድሊ፣ ከነሕይወቷ የሬሳ ሣጥን ሠራህላት እንዴ!» ብለሽ ሳቅሽ። የዚያን ዕለት ታውቂ ነበር።

ከዚያ በኋላ ብዙ ነገር ቀረ። የሎብስተር ወጥመድ ከባሕሩ ስናነሣ አብራኝ በጀልባ መውጣት ተወች። አዳራሽ ውስጥ ስንሰበሰብ ምንጊዜም ከበሩ አጠገብ ትቀመጥ ነበር፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ። ከሁሉም ከሁሉም ሳቋ ቀረ። እኔ ሰው የማስቅ ሰው እንዳልሆንሁ አንቺም ትመሰክሪያለሽ፤ በዚህ ምድር ላይ በምናገረው ነገር የምትስቅ አንዲት ሰው ነበረችኝ፤ እሷም አፏን በመሐረብ ይዛ ወደ ጓዳ መግባት ጀመረች። አስጠላኋት ብዬ ደመደምሁ። እጄ ዓሣ ዓሣ ይሸታል ብዬ በሎሚ እታጠብ ነበር። ሃምሳ ዓመት ያጨስሁትን ፒፓ ጣልሁ። የምንታጠብበትን ሳሙና ቀየርሁ። እሷ ግን በቀየርሁት በአንዱም አልተመለሰችም። እራት በልተን፣ ሳሕን አጥባ፣ ደኅና እደር ብላኝ ትሄዳለች፤ እኔም የክላይድ በር ሲዘጋ እሰማለሁ። አንድ ቤት ውስጥ አብረውት ከሚኖሩት ሰው ተለይቶ መኖር ምን እንደሚመስል ልነግርሽ አልችልም፤ ሴልቢ አጠገብሽ ያንኮራፋልና።

ባለፈው ሰኔ ስልክ ጮኸ፤ አነሣሁት። አንዲት ወጣት ድምፅ፣ ለባለቤትዎ የፊኛ ቀዶ ሕክምና ቀን ተቆርጦላታልና ይንገሩልኝ አለችኝ። ቤት ተሳስተሻል ብያት ልዘጋው ስል ድሩሲላ የታጠበ ልብስ በቅርጫት ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ቅርጫቱን ሳታስቀምጥ፣ ዓይኗን ከልብሱ ላይ ሳታነሣ ሁሉን ነገረችኝ። ክላይድን ከወለደች ጀምሮ ሽንቷ ያመልጣታል። ስታስል፣ ዕቃ ስታነሣ፣ ስትስቅ። በኋላ ሲብስባት ደግሞ ከእኔ ጋር ስትሆንም። «አንሶላው ላይ እንዳታየው በፈራሁ ቁጥር ገላዬ እንጨት ይሆንብኝ ነበር» አለችኝ። ፋብሪካው ውስጥ ሴቶቹ ሁሉ ከወገባቸው በታች ውሃ ስለሆኑ፣ ሁሉም የጎማ ሽርጥ ታጥቀው የሚፈስስ ቱቦ ስለሚይዙ የትኛው ውሃ ከየት እንደመጣ ማን ያውቃል? «ፋብሪካው ሲዘጋ አንተ ያለቀስኸው ለደመወዙ ነው፤ እኔ ያለቀስሁት ለውሃው ነው» አለችኝ። ለማን ነገርሽ ብዬ ጠየቅኋት። ለቨርና ብቻ አለችኝ።

ወደ መረብ ቤቴ ወርጄ እስከ እራት ሰዓት ተቀመጥሁ። የተቆጣሁት በእሷ አልነበረም። ያን ሁሉ ሎሚ አሰብሁ። በአንዲት ቃል ልታስቀሪው ትችዪ ነበር።

ቀዶ ሕክምናው በነሐሴ ተደረገ። የሽንቷን ቧንቧ ከሥር የሚደግፍ ቀጭን ጥብጣብ አስገቡላት፤ ከአንድ ሰዓት በታች ነው የፈጀው። ስንወጣ ነርሷ ከወረቀት ላይ አነበበችልን፦ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሣት የለም፣ ስድስት ሳምንት ከባል ጋር መገናኘት የለም። «ዘጠኝ ዓመት የቆየ ሰው ስድስት ሳምንት አያቅተውም» ልላት ቃጥቶኝ ነበር። እንጨቱን እኔ ተሸከምሁ፤ ልብሱንም እኔ አጠብሁ። ልብስ ስሰቅል ጎረቤታችን ሊያንደር በአጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሄድሊ፣ ቀሚሱን ለብሰህ የምናይህስ መቼ ነው?» ሲል፣ «አንተ ሚስትህን መርዳት የጀመርህ ዕለት» አልሁት። ከወጥ ቤቱ መስኮት ድሩሲላ ስትስቅ ሰማሁ። አጭር ሳቅ ነበር፤ ገና ሳቋን አላመነችውም።

በስድስተኛው ሳምንት ለምርመራ ወደ ከተማ ተመለስን። የአምስት ሰዓት መንገድ ነው። ዶክተሯ ከክላይድ ልጅ ብዙም የማትበልጥ ሴት ናት። ቁስሉ ድኗል፣ ሽንቷም ቆሟል፣ የገባላት ነገር እንደ መረብ የተሠራ ስለሆነ ቦታውን ይይዛል አለችን። ከዚያ ወንበሯን ወደ እኛ አዙራ፣ «የባልና የሚስት ኑሯችሁስ? መኝታችሁ እንዴት ነው?» ብላ ሁለታችንንም ጠየቀች። ተነሥቼ ቆቤን አደረግሁና፣ «ይህ ከኔና ከሷ በቀር የማንም ጉዳይ አይደለም» ብዬ ወጣሁ። መኪናው ውስጥ አርባ ደቂቃ ጠበቅኋት። ስትመጣ ገና በሩን ሳትዘጋ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ስለተባለው ነገር አንድም ቃል አትንገሪኝ አልኋት። እሺ አለች። ድሩሲላ እሺ ካለች እሺ ነው።

ግማሽ መንገድ ላይ ሻይ ልንጠጣ ስንቆም ግን ሌላ ነገር ነገረችኝ። ይህንንም አንቺ ታውቂዋለሽ።

የዛሬ ስድስት ዓመት በገና ሰሞን ሊያንደር ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ እንደ አገራችን የገና ልማድ ፊታቸውን ሸፍነው ቤት ለቤት ከሚዞሩት ጭምብለኞች ሁለቱ ገቡ። አንዱ የትራስ ልብስ አጥልቋል። ሌላው የዳንቴል መጋረጃ ፊቱ ላይ ጥሎ፣ የጎማ ሱሪ በሱሪ ላይ ደርቦ፣ ጎባጣ እንዲመስል ጀርባው ላይ ጨርቅ ጠቅጥቋል። ሁለቱም ድምፃቸው እንዳይታወቅ ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ እየሳቡ ይናገራሉ። ባለ ዳንቴሉ እጄን ይዞ ጎተተኝ። አልጨፍርም፤ ሰርጌም ላይ አልጨፈርሁም። ጭምብለኛን እምቢ ማለት ነውር ስለሆነ ተነሣሁ። ሊያንደር በአኮርዲዮን ሦስት ዜማ እስኪጨርስ ባለ ዳንቴሉ አልለቀቀኝም። ከዚያ ማን እንደሆነ ገምት ሲሉኝ፣ «ፐርሲ ነው! ወደቡ ላይ የሚሠራው ፐርሲ! ይህ ዳሌ የሱ ነው» አልሁ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጭምብለኛው ራሱን ነቀነቀ፤ ባለ ትራስ ልብሱም ክንዱን ይዞ ወደ ውጭ አወጣው። እኔም ለነገሩ ግድ ሳልሰጥ የቀረበልኝን ኬክ በላሁ።

ባለ ትራስ ልብሱ አንቺ ነበርሽ። ፐርሲ ያልሁት ሚስቴን ነው።

ድሩሲላ ሻይዋን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ከአምስት ድርብ ልብስ ሥር ማንም አያየኝም ብዬ ነው» አለችኝ። «ቢያመልጠኝም አይታወቅም። አንድ ጊዜ ልይዝህ ፈለግሁ። ሦስቱ ዜማ ሳያልቅ ታውቀኛለህ ብዬ ነበር።»  ያኔ ሠላሳ ስድስት ዓመት አብራኝ ከኖረች ሚስቴ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዤ ጨፍሬ የወደብ ሠራተኛ መሰለችኝ። ሞተሩን አስነሥቼ እስከ ቤት ድረስ ነዳሁ።

በጥቅምት አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ጉሙ መስኮቱ ላይ እንደ ተጣበቀ፣ ድሩሲላ ወደ ክፍሌ መጣች። ከዚህ የምጽፈው ለታሪኩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። በመካከል ጥርሷን ነክሳ አየር ሳበች። አመማት። ያን ጊዜ ያ መረብ ትዝ አለኝ። መረብ ምን እንደሚሠራ ከዶክተር መማር አያስፈልገኝም። ቀጭኑ ክር ዓሣው በታገለ ቁጥር ጉንጩ ሥር ወደ ሥጋው ይገባል፤ በእነዚህ አውራ ጣቶቼ ስንት ሺሕ ዓሣ እንዳላቀቅሁ፣ አንገታቸው ዙሪያ የቀረውን ቀይ መስመር ስንት ጊዜ እንዳየሁ እግዚአብሔር ያውቃል። ያ ነገር በድሩሲላ ሥጋ ውስጥ ሆኖ በእኔ ምክንያት ሲቆርጣት ታየኝ። ተነሥቼ ለበስሁ። ጀልባዋን ማየት አለብኝ አልኋት። ጀልባዋ ለብርዱ ወራት ወደ የብስ ከተጎተተች ሳምንት አልፏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ አልቀረብኋትም፤ ምክንያቱንም አልነገርኋት። ሁለት ሳምንት ጠበቀችኝ። በሦስተኛው በክላይድ ክፍል ያለውን ጠባቡን አልጋ እንደገና አነጠፈች። ያኔ ተራው ተገላበጠ፤ የምደብቀው እኔ ሆንሁ፣ ምን አስጠላው ብላ የምታስበው እሷ ሆነች። አንድ ቀን የቀየረችውን አዲስ ሳሙና መታጠቢያው ላይ አየሁት። አየሁት፣ ገባኝ፣ ያም ሆኖ አፌ አልከፈትልህ አለኝ። ስልክሽን ማንሣት የተውሁት በዚያ ሳምንት ነው። 

የገና ሰሞን በሚያበቃበት በመጨረሻው ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ድሩሲላ ሊያንደር ቤት ሄደች። እኔ መረብ ቤቴ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የጎማ ሱሪ ለበስሁ፤ የድሩሲላን አሮጌ የፋብሪካ ሽርጥ ታጠቅሁ፤ ጫማዬን ቀኙን ለግራ አደረግሁ፤ የትራስ ልብስ ላይ ሁለት ቀዳዳ ቀድጄ አጠለቅሁት። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ ጭምብል አድርጌ አላውቅም፤ የልጅ ሥራ ነው እያልሁ የምነቅፈው እኔው ነበርሁ። ፊቴን ካልሸፈንሁ ግን የምፈልገውን መጠየቅ አልቻልሁም።

ገና ስገባ ሊያንደር፣ «ኧረ ይሄ ማነው? የመብራት ምሰሶ አልብሰው ላኩብን?» አለ። ሚስቱ ደግሞ፣ «ቁጭ በል የኔ ምሰሶ፣ አምፖልህ እንዳይሰበር!» አለች። ድሩሲላ ከበሩ አጠገብ አልነበረችም፤ ቤቱ መካከል፣ ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ተቀምጣለች። ሄጄ እጄን ዘረጋሁላት። ሦስት ዜማ ሳልናገር ልጨፍርና ከዚያ ልገለጥ ነበር ያሰብሁት። እጄን አልያዘችም። ቀና ብላ ሁለቱን ቀዳዳ አየች፣ ጫማዬን አየች፣ መልሳ ቀዳዳዎቹን አየች፤ «በትራስ ልብስ ውስጥ ሆኖ እንኳ የሚቆጣ ሰው ከባሌ በቀር የት ይገኛል!» አለች። «ደግሞ ትናንት የተኮስሁትን ቀድዶ!»

ከዚያ ሳቀች። ጠረጴዛውን ይዛ፣ ጎንበስ ብላ፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። መካከል ላይ ልማድ ሆኖባት አንድ እጇ ወደ ቀሚሷ ሄደ፤ ከዚያ ምንም እንዳላመለጣት ታወቃትና ያን እጇን አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። እኔ ሦስት ዜማ ጨፍሬ አላወቅኋትም፤ እሷ ቁጭ ባለችበት ለየችኝ። ከዚህ የበለጠ ያሳፈረኝ ነገር የለም።

ጨፍረን ስናበቃ በበረዶው ወደ ቤት ስንሄድ የትራሱን ልብስ አላወለቅሁም። በውስጡ ሆኜ የመረቡን ነገር ነገርኋት። መንገዱ ላይ ቆመች። «ኧረ አንተ ግትር ሽማግሌ! ሦስት ወር ሙሉ በዚህ ነው?» አለችኝ። ያን ቀን ዶክተሯ ዘንድ ቁጭ ብል ኖሮ እሰማው የነበረውን ሁሉ ነገረችኝ። ሥጋው በመረቡ ቀዳዳ አድጎ ይይዘዋል፤ እንደ ዓሣ መረብ አይጎተትም። አንዳንድ ሴት ግን መጀመሪያ ላይ ያማታል፣ በእኛ ዕድሜ ደግሞ ድርቀቱ ይጨምራል። ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ ቅባት አለው፤ ሕመሙ ካልተወ ተመልሶ መታየት ነው። ቅባቱን ዶክተሯ የዚያን ዕለት ሰጥታት ነበር። አትንገሪኝ ስላልኋት ሳይከፈት በመሳቢያዋ ውስጥ ቆይቷል። ሌላስ ምን አለች ብላት፣ «ባልሽ ሲመለስ ንገሪው አለችኝ። አልተመለስህም እንጂ» አለችኝ።

ሁሉም ነገር ተስተካከለ አልልሽም። ዘጠኝ ዓመት ተለያይተው የተኙ ሁለት ሽማግሎች እንግዳ ለእንግዳ ናቸው፤ እኔ እስከ አሁን ጠርዝ ላይ ነው የምተኛው፤ እሷም በእንቅልፏ ትራሷን ታቅፋለች። ሐኪሟ የሠራችው አንዱን ነው፤ የቀረው የእኛ ሥራ ነው፤ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው። ሰኞ ዕለት ጠባቡን አልጋ ፈታሁት፤ ሳንቃውን ሊያንደር ለዶሮ ቤት ወሰደው። በሚያዝያ ድሩሲላ ቀጠሮ አላት። ወንበሩ ላይ እቀመጣለሁ፤ ቆቤንም አወልቃለሁ።

አንቺ አስምላኝ ነው ትያለሽ። እሷም ነግራኛለች። ቃልሽን በመጠበቅሽ አልወቅስሽም፤ እኔም እጠብቅ ነበር። ግን ያን አልጋ አይተሽ፣ ለምን እንደተሠራ እያወቅሽ፣ ስቀሽ ሻይሽን ጠጥተሽ ሄድሽ። የማልረሳው እሱን ነው።

ሴልቢን ሰላም በዪልኝ፤ ለሳሉ ትኩስ ነገር ይጠጣ። ለልጅሽ ለግሌንዳ፣ ለመንታ ልጆቿም እያንዳንዳቸው፣ አጎታችሁ ሰላም ብሏችኋል በያቸው፤ የላኩልኝን ሥዕል ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ ጀልባዋ ግን መሪ የላትምና ይጨምሩላት። እዚያው እናንተ ዘንድ ያለውን ክላይድን ሰላም በዪው፤ ክፍሉ ባዶ ነው፣ በበጋ ሲመጣ አልጋ እገዛለታለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ግን አታሳዪው። ድሩሲላ ሰላም ትልሻለች። የረግረግ እንጆሪ ማርማላታ አንድ ማሰሮ ልካልሻለች፤ መንገድ ላይ እንዳይፈስስ ክዳኑን ያጠበቅሁት እኔ ነኝና በጉልበት እንዳትታገዪው፣ በሙቅ ውሃ ያዢው።

እሑድ ደውዪ፤ አነሣዋለሁ። ስለ ጉልበትሽ አጫውቺኝ፤ ስለ በረዶው እነግርሻለሁ። ስለዚህ ነገር ግን የሚቀረኝ ቃል ካለ የድሩሲላ ነው፤ አንቺም፣ ሌላ ማንም፣ እስክቀበር ድረስ ከአፌ አትሰሙትም።

ወንድምሽ ሄድሊ

ታነርስ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ
ቅዳሜ፣ ጥር 14 ቀን 2006 እ.ኤ.አ.